ወደ ኋላ የሚፈስ ውኃ፦ ከአዳማ የውኃ ታሪክ የተዘነጋ ምዕራፍ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



የከተማ ውኃ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ውኃ መምጣት ነው፤ ምንጩ ከየት ተገኘ፣ ቧንቧው መቼ ተዘረጋ፣ ማን መረቀው የሚለው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ውኃ መመለስ ነው። ከሕዝቡ መስመር ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት፣ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ፋብሪካ የገባ ውኃ፣ በዚያ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ወደ ሕዝቡ መስመር ተመልሶ የሚገባበት ጊዜ አለ። ይህን የኋልዮሽ ፍሰት ብዬ እጠራዋለሁ።

ጉዳዩ የመሐንዲሶች ነው፤ የታሪክ ሰው ምን አገባው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ቫልቭ መግጠም የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ቫልቩ የሚገጠመው የት ነው፣ የሚጠብቀውስ ማን ነው የሚለው ግን አንድ ማኅበረሰብ ስለ ጋራ ሀብቱ ያዳበረው አስተሳሰብ ውጤት ነው። ያ አስተሳሰብ ደግሞ ታሪክ አለው። የአዳማን የውኃ ታሪክ ደረጃ በደረጃ ስንከተል ጥበቃው ሁልጊዜ በምንጩና በማጣሪያው ላይ እንደቆመ፣ በደንበኛው ደጃፍ ግን ጠባቂ እንዳልተቀመጠ እንመለከታለን። የኢንዱስትሪ ፓርክ ዘመን ይህን ክፍተት ከቀድሞው ይልቅ አደገኛ አድርጎታል የሚለው የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ነው።

ሽቅብ የወጣው ውኃ

ወደ አዳማ ከመውረዳችን በፊት ከአዲስ አበባ እንነሣ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውኃ በቧንቧ ጠልፎ ወደ ቤተ መንግሥቱ አመጣ። ውኃው ከተራራው ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ከወረደ በኋላ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ወንዝ ቁልቁል ሲወርድ እንጂ ሽቅብ ሲወጣ አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ይህ ትልቅ መደነቂያ ሆነ።

መደነቁ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ለዛሬው ርዕሳችን ቁልፍ ነው። በወንዝና በቦይ የሚሄድ ውኃ የሚታዘዘው ለመሬቱ ዘንበል ማለት ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ግን የሚታዘዘው ለግፊት ነው። ግፊቱ ከበረታበት ወደ ላላበት ይሄዳል፤ ያ መንገድ ሽቅብም ቢሆን፣ ወደ ኋላም ቢሆን ለውኃው ልዩነት የለውም። ስለዚህ የቧንቧ ውኃ ሽቅብ እንዲወጣ ያስቻለው ሕግና ወደ ኋላ እንዲመለስ የሚያደርገው ሕግ አንድ ነው። ድንቁን በተቀበልን ቀን አደጋውንም አብረን ተቀብለናል።

ከቧንቧ በፊት የነበረው የውኃ አያያዛችን ይህ አደጋ አልነበረበትም። ከምግብ በፊት እጅ ሲያስታጥቡ ውኃው ከላይ ይንቆረቆራል፤ የሚታጠበው እጅ ማንቆርቆሪያውን አይነካም፤ ያደፈው ውኃም ከታች በተያዘው ሳፋ ይቀራል። በማንቆርቆሪያው አፍና በእጁ መካከል አየር አለ፤ ያንን አየር ተሻግሮ የሚመለስ ውኃ የለም። ከጣሳ የተረፈ ውኃም ወደ እንስራ አይገለበጥም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚለው አባባል በእንስራው ዓለም እውነት ነው። በቧንቧው ዓለም ግን የፈሰሰ ውኃ ይታፈሳል፤ አፋሹም ቧንቧው ራሱ ነው።

ባቡር፣ ሸንኮራና ከተማ

አዳማ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የባቡር መስመር ላይ ያደገች ከተማ ናት። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውኃ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በባቡር መስመር ላይ ውኃ የግለሰብ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የማሽን ቀለብም ነበር። በእንፋሎት ባቡር ዘመን ውኃ ከማማ ላይ በክንድ ቧንቧ አማካይነት ወደ ባቡሩ ማጠራቀሚያ ከላይ ይፈስ ነበር። እንደ እጅ ማስታጠቡ ሁሉ በዚህም አየር መካከል ገብቶ የማማውን ውኃ ከማሽኑ ውኃ ይለያል። ማሽኑ ጠጥቶ ሲያበቃ ይሄዳል እንጂ ከምንጩ ጋር ተጣብቆ አይቀርም።

ማሽን ከውኃው ጋር ተጣብቆ መኖር የጀመረው ፋብሪካ ሲመጣ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሥራ አስጀመረ፤ በ1950ዎቹ የሸዋ ፋብሪካ ተከተለ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተጠናቆ ከአዋሽ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ በመተሐራም የስኳር ፋብሪካ ተቋቋመ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከሞጆ እስከ መተሐራ ያለው የአዋሽ ሸለቆ የኢንዱስትሪ መስመር ሆነ። ሕዝብም ሥራ ፍለጋ ተከተለ፤ ከተሞቹም ሰፉ።

የማይታየው መርዝ

በዚህ ሸለቆ የሰፈረው ሕዝብ የጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከጉድጓድ የሚወጣ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ዐለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ እያሟሟ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በእጅጉ ያልፋሉ። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፤ በዚህ መጠን ጣዕምም ሽታም የለውም፤ በማፍላት አይወገድም፤ ክሎሪንም አያጠፋውም።

ውጤቱን ግን ሰውነት ይመዘግበዋል። የሸለቆው ልጅ በበለዘ ጥርሱ ይታወቅ ነበር። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ባለፈ፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ያደርቃል፣ አከርካሪን ያጎብጣል። በወንጂና በሸዋ የስኳር ልማት ለረጅም ጊዜ የሠሩ ሰዎች በዚህ ሕመም ተጎድተው ተገኝተዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ችግሩ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ምን ያህል የተንሰራፋ እንደሆነ ለዓለም አስታወቁ።

አዳማ ከዚህ የተላቀቀችው የውኃ ምንጯን በመለወጥ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከተማዋ ከጉድጓድ ውኃ ወደ አዋሽ ወንዝ ዞረች፤ ቆቃ አካባቢ ከወንዙ ተጠልፎ በማጣሪያ ጣቢያ የሚያልፍ ውኃ በፓምፕ ወደ ከተማዋ ይላካል። ይህ በከተማዋ የጤና ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባ እርምጃ ነው። የወንዝ ውኃ ደለልና ተህዋስያን ቢኖሩበትም እነዚህን ማጣራትና በክሎሪን ማከም ይቻላል፤ ፍሎራይድን ከከተማ ውኃ ማውጣት ግን እጅግ ውድና አስቸጋሪ ነው።

ምንጩ ወንዝ በመሆኑ አዲስ ክርክርም መጣ። የሞጆ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎችና ባለሥልጣናት ዓይናቸውን ከማጣሪያው በላይ ወዳለው ወንዝ አዞሩ። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም ከማጣሪያው በታች፣ የተጣራው ውኃ ከፋብሪካ ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ድምፅ ደካማ ነው። ፋብሪካ ውኃችንን የሚበክለው በወንዙ በኩል ብቻ ይመስለናል። ሌላው በር በራሳችን መስመር ላይ ነው።

ሁለቱ የመመለሻ መንገዶች

ውኃ ወደ ኋላ የሚመለሰው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በመሳብ፣ ሁለተኛው በመገፋት።

በመሳብ የሚመለሰው በሕዝቡ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ድንገት ሲወድቅ ነው። ዋና ቧንቧ ሲፈነዳ፣ የእሳት አደጋ መኪና ብዙ ውኃ ሲቀዳ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም መስመሩ ባዶ መሆን ይጀምራል፤ ባዶ የሚሆን ቧንቧ ደግሞ ጫፉ የተነከረበትን ሁሉ ይመጣል። በባሕር ወለል ላይ ፍጹም ባዶ የሆነ ቧንቧ ውኃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሽቅብ ሊስብ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ባላት አዳማ አየሩ ስለሚሳሳ ይህ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ቢሆንም 8 ሜትር የሁለት ፎቅ ቤት ከፍታ ነው። ሳሙናና ኬሚካል ባለበት በርሜል ውስጥ ጫፉ የተዘፈቀ ጎማ በርሜሉን ለመመለስ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ከዓለም ታሪክ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ዉስተር ከተማ የሚገኘው የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አባላት በጅምላ በጉበት በሽታ ተያዙ፤ የውድድር ዘመኑም ተቋረጠ። ምርመራው ያሳየው ይህን ነው። በከተማው ቃጠሎ ተነሥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃ ሲቀዱ የመስመሩ ግፊት ወደቀ። በልምምድ ሜዳው አጠገብ ከመሬት በታች በተቀበረ የሣር ማጠጫ ቧንቧ ዙሪያ የተጠራቀመው ውኃ፣ በሽታው ያለባቸው ሕፃናት የተጫወቱበት፣ ወደ መስመሩ ተሳበ። ተጫዋቾቹም ጠጡት። ቃጠሎው፣ ሕፃናቱና ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ያገናኛቸው ቧንቧው ነው።

በእኛ ከተሞች ግን ግፊት የሚወድቀው ቃጠሎ ሲነሣ ብቻ አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚሰጥበት ሰፈር መስመሩ በየፈረቃው ይሞላል፣ በየፈረቃው ባዶ ይሆናል። ሌላው ዓለም እንደ ድንገተኛ አደጋ የሚያየው ሁኔታ ለእኛ የሳምንቱ መርሐ ግብር ነው። የተሰነጠቀ ቧንቧ ሲሞላ ያፈሳል፤ ባዶ ሲሆን በዙሪያው ያለውን የመጸዳጃ ፍሳሽና ጭቃ ውኃ ያስገባል። በሕንድ ሁብሊ እና ዳርዋድ ከተሞች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ያለማቋረጥ ውኃ የሚያገኙ ሰፈሮችን በፈረቃ ከሚያገኙት ጋር አነጻጽሮ በፈረቃ የሚሰጠው ውኃ እጅግ የበለጠ የተበከለ መሆኑን አሳይቷል። ወደ ሰፈሮቹ ከመከፋፈሉ በፊት ግን የውኃው ጥራት ተመሳሳይ ነበር። በዚህ ላይ የውኃ እጥረት ያስጨነቀው ደንበኛ መሳቢያ ፓምፕ በቀጥታ በመስመሩ ላይ ሲገጥም፣ ለራሱ ውኃ ሲስብ ከጎረቤቱ ግቢ ደግሞ ያልታሰበውን ይስባል።

ሁለተኛው መንገድ መገፋት ነው። በደንበኛው ግቢ ያለው ግፊት ከሕዝቡ መስመር ግፊት ሲበልጥ ውኃው ተገፍቶ ይወጣል። የፋብሪካ ቦይለር፣ የማጠቢያና የማቅለሚያ ማሽን ፓምፕ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚያወጣ ፓምፕ፣ በፎቅ ላይ የተሰቀለ ሮቶ፣ ሁሉም ከከተማው መስመር የበለጠ ግፊት ሊፈጥሩ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው ቫልቭ ካልተዘጋ ወይም ካረጀ ፋብሪካው ሳያውቀው ለከተማው ውኃ አቅራቢ ይሆናል።

የኢንዱስትሪ ፓርክ ዘመን

በ2007 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886 ወጣ፤ በ2008 የሐዋሳ ፓርክ ተመረቀ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ተከፈተ። ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት የፓርኩ ዋና መስክ ሆኑ። ፓርክ ማለት በአንድ አጥር ውስጥ ብዙ ሼዶች፣ ብዙ አምራቾች፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችና የተጠላለፉ የቧንቧ መስመሮች ማለት ነው። የሚጠጣውን፣ የሚታጠብበትን፣ ቦይለር የሚያፈላውን፣ እሳት የሚያጠፋውንና ተጣርቶ እንደገና የሚያገለግለውን ውኃ የሚሸከሙ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከአፈር በታች ሲገቡ ሁሉም አንድ ዓይነት ቧንቧ ናቸው።

የመስመር መጠላለፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1933 የቺካጎ ከተማ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ዕድገትን የሚያከብር ታላቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀች። በዚያው ዓመት እንግዶች ባረፉባቸው ሁለት ሆቴሎች የመጸዳጃና የመጠጥ ውኃ መስመሮች በመገናኘታቸው የአሜባ ተቅማጥ ተነሣ፤ ከ1,400 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 98 ሞቱ። እንግዶቹ ወደየከተማቸው ከተበተኑ በኋላ ስለታመሙ የበሽታው ምንጭ ሆቴሎቹ መሆናቸው ቶሎ አልታወቀም። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፊንላንድ ኖኪያ ከተማ፣ በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ በተጣራ ፍሳሽና በመጠጥ ውኃ መስመር መካከል የነበረ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ከ8,000 በላይ ሰዎች ታመሙ። ፊንላንድ ሀብት፣ ባለሙያና ሕግ ያላት አገር ናት፤ ይህ ሁሉ አንድ ክፍት ቫልቭ አልዘጋም።

የኖኪያን ታሪክ ለእኛ ቅርብ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። የሐዋሳ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ሐይቁ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ተሠርቷል። ይህ ለአካባቢ ጥበቃ ትልቅ እመርታ ነው፤ ሊስፋፋም ይገባል። ነገር ግን ውኃን መልሰን በተጠቀምን ቁጥር የማይጠጣ ውኃ የሚሸከሙ ቧንቧዎች በሚጠጣው አጠገብ ይበዛሉ። ሐይቁን የሚጠብቀው ዘዴ ቧንቧውን የሚጠብቅ ሌላ ዘዴ ይሻል ማለት ነው።

በአዳማና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ በቺካጎም በኖኪያም ያልነበረ አንድ አደጋ አለ፤ እርሱም የግል ጉድጓድ ነው። የከተማ ውኃ የማይበቃው ተቋም የራሱን ጥልቅ ጉድጓድ ቢያስቆፍር አይፈረድበትም። ጥያቄው የጉድጓዱ መስመር ከከተማው መስመር ጋር እንዴት ይገናኛል የሚለው ነው። በአንድ የስምጥ ሸለቆ ከተማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም ግቢ፣ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ተራ ቫልቭ ተገናኝተው አይቻለሁ። ጥበቃውን ስጠይቃቸው «ጋሼ፣ የከተማው ሲጠፋ ይህን እንከፍታለን፤ ሲመጣ እንዘጋለን» አሉኝ። «ሳይዘጋ ቢያድርስ?» አልኳቸው። «ያው ክፍት ያድራላ» አሉ። ቅን መልስ ነበር። እርሳቸው ውኃ እንዳይቋረጥ ታዘው ነበር እንጂ ከተማ እንዲጠብቁ የነገራቸው አልነበረም።

በዚያች ሌሊት የጉድጓዱ ፓምፕ ቢሠራና የከተማው መስመር ቢላላ ወደ ሰፈሩ የሚሄደው የጉድጓድ ውኃ ነው። ፍሎራይድ ካለበት ማንም አያውቅም፤ አይሸትም፣ አይቀምስም፣ በማግሥቱ የሚታመም ሰው የለም። ይህ ዓመት ከዓመት ቢደጋገም ግን ከተማዋ በከፍተኛ ወጪ ከጉድጓድ ወደ ወንዝ የዞረችበት ታሪካዊ እርምጃ በስውር ይቀለበሳል። በአዳማ ፓርክ ይህ ሆኗል እያልኩ አይደለም። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ጉድጓድና የከተማ ቧንቧ ባሉበት ግቢ ሁሉ ግን መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው እላለሁ።

ቆጣሪው እንደ ድንበር

ታዲያ ይህን የሚጠብቅ ማን ነው? እዚህ ላይ ወደ ሕግና ተቋም ታሪክ እንገባለን። የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ሲቋቋም ውኃን የሚያቀርብና ዋጋውን የሚሰበስብ ራሱን የቻለ የከተማ ተቋም በአገሪቱ ሥር መያዙ ነበር። ሌሎች ከተሞችም ቀስ በቀስ የየራሳቸውን የውኃ አገልግሎት አቋቋሙ። በዚህ አሠራር ውስጥ ቆጣሪው የተቋሙና የደንበኛው ወሰን ሆነ። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የአገልግሎቱ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

ለሒሳብ ይህ ወሰን ትክክል ነው። ለጤና ግን ወሰን አይደለም። ቆጣሪ የሚያልፈውን ውኃ ይቆጥራል እንጂ አይከለክልም። እንዲያውም ብዙዎቹ ተሽከርካሪ ቆጣሪዎች ውኃ ሲመለስ ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ ስለዚህ የከተማውን መስመር የበከለ ደንበኛ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ሊቀነስለት ይችላል። ተቋማችን ለገንዘብ ያሰመረውን ድንበር ለጤናም ድንበር አድርጎ መውሰዱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ሕጎቻችን ስለ ውኃ ጥራት ዝም አላሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውኃ ለሁሉም እንዲዳረስ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 እና የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ወጥተዋል፤ የኋለኛው ጥራቱ ያልተረጋገጠ ውኃ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ከልክሎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ከወጡት የሕንጻ ሥራ ደንቦች አንዱ ቅጽ ስለ ቧንቧ ሥራ ነው፤ የሕንጻ አዋጁ ቁጥር 624 በ2001 ተከትሏል። ነገር ግን የእነዚህ ሁሉ አተያይ በሁለት ይከፈላል። የውኃና የጤና ሕግ ዓይኑ በምንጩና በአቅራቢው ላይ ነው፤ የሕንጻ ሕግ ዓይኑ በግንባታው ወቅት ላይ ነው። ሕንጻው ተጠናቆ ባለቤቱ ከገባበት በኋላ፣ በየዓመቱ የሚለወጠውን የቧንቧ አገናኝ የሚያይ ዓይን በመካከል ይጠፋል። የኋልዮሽ ፍሰት የሚኖረው በዚህ መካከል ነው።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ከአያቶቻችን ልማድ የራቀ አይደለም። ከሁሉ የሚታመነው መከላከያ የአየር ክፍተት ነው። ውኃ ወደ ታንከር ሲገባ የቧንቧው አፍ ከታንከሩ ሞልቶ መፍሰሻ ጠርዝ በላይ ቢያንስ የቧንቧውን ውፍረት እጥፍ ያህል፣ ከ25 ሚሊ ሜትር ባላነሰ ርቀት ይቀመጣል። ፋብሪካው ከዚያ ታንከር በራሱ ፓምፕ ይወስዳል። የእጅ ማስታጠቢያው ሥርዓት ማለት ይኸው ነው፤ የማይበላሽ፣ መለዋወጫ የማይሻ፣ ማንም በዓይኑ አይቶ የሚፈርድበት። ክፍተት መተው በማይቻልበት ስፍራ ሁለት ተከታታይ የማይመልሱ ቫልቮችና በመካከላቸው ግፊት ሲዛባ ውኃውን ወደ ውጭ የሚደፋ መልቀቂያ ያለው መሣሪያ አለ፤ እርሱ ግን ውድ ነው፤ በየዓመቱም መፈተሽ ይኖርበታል። አንድ ተራ ቼክ ቫልቭ ብቻውን ለፋብሪካ አይበቃም፤ ትንሽ ጠጠር ከያዘው ክፍት ይቀራልና።

ሁሉን ደንበኛ በአንድ ቀን ማስገደድ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአውሮፓ መለኪያ ከሚጠጣው ጀምሮ የሰው ሕይወት እስከሚያጠፋው ድረስ ፈሳሾችን በ5 ምድብ ከፍሎ መከላከያውን እንደ አደጋው መጠን ይወስናል። በዚህ መንፈስ ለአዳማና ለእኅት ከተሞቿ ቅደም ተከተል ባቀርብ፣ መጀመሪያ የግል ጉድጓድ ያላቸው ተቋማት ይመዝገቡ፤ ጉድጓዱና የከተማው መስመር በቫልቭ መገናኘቱ ቀርቶ በአየር ክፍተት ይለያዩ። ቀጥሎ ቦይለር፣ ማቅለሚያና ፍሳሽ መልሶ መጠቀሚያ ያላቸው ፋብሪካዎች፣ ሆስፒታሎችና ቄራዎች ይፈተሹ። በፓርኩ መግቢያ ላይ አንድ ጥሩ መከላከያ ቢኖር ከተማውን ይጠብቃል፤ በየሼዱ መግቢያ ቢኖር ደግሞ የፓርኩን ሠራተኛ ይጠብቃል። ሁለቱ አይተካኩም። ሠራተኛይቱም ከሼዱ ቧንቧ ትጠጣለችና።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። አንደኛው፦ ውኃ ራሱ በማይበቃበት ከተማ ስለ ውኃ መመለስ መነጋገር ቅንጦት ነው የሚል ነው። እኔ በተቃራኒው አየዋለሁ። አደጋውን የሚያከፋው እጥረቱ ነው፤ ሙሉ መስመር ራሱን ይጠብቃል፣ ባዶ መስመር ግን ይስባል። እጥረቱ እስኪቀረፍ ድረስ መከላከያው ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ከቆጣሪው ወዲያ የመግባት ሥልጣን ለመርማሪ ብንሰጠው ባለሀብቱን ማጉላያና የጉቦ በር ይሆናል። ይህ ሥጋት ከልምድ የመጣ ስለሆነ አላጣጥለውም። የአየር ክፍተትን ያስቀደምኩትም በከፊል ለዚህ ነው። ክፍተቱ አለ ወይም የለም፤ ለመርማሪው ትርጓሜ የሚተርፍ ነገር የለውም። የፍተሻው ውጤት በግልጽ ቢለጠፍ ደግሞ ሠራተኛውና ጎረቤቱም አብረው ይመረምራሉ።

በመጨረሻ ለሙያ ባልደረቦቼና ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። የቺካጎን፣ የዉስተርንና የኖኪያን ታሪክ ዛሬ ልነግራችሁ የቻልኩት አንድ ሰው ሕመሙን ከቧንቧው ጋር አገናኝቶ ስለመዘገበ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚመዘገብ ተቅማጥ አለ፤ በየውኃ አገልግሎቱ የሚመዘገብ የቧንቧ ስብራትና የፈረቃ ሰዓት አለ። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አላየሁም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የአንድ ቀበሌን የሁለት ዓመት መዝገቦች ወስዳችሁ ቀን በቀን አመሳክሩ። የምታገኙት ባዶ ቢሆን እንኳ ከተማዋ ስለ ራሷ አንድ ነገር ታውቃለች። ባዶ ባይሆን ግን መሐንዲሱ ቫልቩን የት እንደሚገጥም ታሳዩታላችሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።